«ትእዛዙ አልተገኘም» ሲባል ከማራገፍ በፊት ፓዝን ማየት ይቀድማል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የድረ ገጽ ግንባታን ለሚጀምሩ ሰዎች የምታቀርቡትን ተከታታይ ጽሑፍ በጥሞና የምከታተል አንባቢ ነኝ። ጃቫስክሪፕት የተባለውን የኮድ ቋንቋ ከድረ ገጽ ማሰሻ ውጭ ስለሚያስኬደው ኖድ ጄኤስና አብሮት ስለሚመጣው የጥቅል መጫኛ ኤንፒኤም አጫጫን በወጣው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት (ተርሚናሉ) «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ከሰጠ ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና መጫን እንደሚገባ ተመክሯል። ጽሑፉ በሌላው ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ይህ አንድ ምክር ግን ጀማሪዎችን ለከንቱ ድካም የሚዳርግ ስለሆነ፣ እንዲታረም በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከመልሱ ልነሳ። ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ሼል የተጻፈለትን ስም ይዞ ዲስኩን ሁሉ አያስስም። የሚመለከተው ፓዝ በተባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት በስም የተቀመጠ ቅንብር) ውስጥ በቅደም ተከተል የሰፈሩትን ፎልደሮች ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ተነስቶ በየተራ ያያል፣ ስሙን ያገኘበት ፎልደር ላይ ፍለጋውን ያቆማል፣ እስከ መጨረሻው ደርሶ ካጣው «አልተገኘም» ይላል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትምና ስቲቭ ቦርን ከጻፈው ሼል ጋር የመጣ ሲሆን፣ ዛሬም በሊነክስና በማክ ላይ በመሠረቱ አልተለወጠም። ዊንዶውስም ፎልደሮቹን በኮለን ፋንታ በሴሚኮለን ይለያል እንጂ የሚከተለው መንገድ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በትክክል ተጭኖ፣ ፋይሎቹም አንድ ሳይጎድሉ በቦታቸው ተቀምጠው፣ ያሉበት ፎልደር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስላልገባ ብቻ ይህ መልስ ሊመጣ ይችላል፤ በልምድም አዘውትሮ የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

«እኔ ግን አራግፌ ስጭነው ሠርቶልኛል» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ችግሩን የፈታው ዳግም መጫኑ ሳይሆን፣ በመካከሉ ተርሚናሉ ተዘግቶ መከፈቱ ወይም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳቱ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሳ የፓዝን ዝርዝር ካስነሳው ፕሮግራም በቅጂ ይወርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ የተደረገ ለውጥ ወደዚያ ቅጂ አይደርስም። የመጫኛው ፕሮግራም የኖድን ፎልደር በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ በትክክል አስገብቶም ቢሆን፣ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረው ተርሚናል አሮጌውን ዝርዝር እንደያዘ ይቀጥላል። በተለይ ሰው የሚያወናብደው እንደ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ባለ የኮድ መጻፊያ ውስጥ የሚከፈተው ተርሚናል ነው። ይህ ተርሚናል ዝርዝሩን የሚወርሰው ከመጻፊያው ስለሆነ፣ እሱን ብቻ ዘግቶ መክፈት ላይበቃ ይችላል፤ መጻፊያው ራሱ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው እንደገና መነሳት አለበት። ግማሽ ሰዓት ከሚወስድ ማራገፍና መጫን ይልቅ አንድ መስኮት መዝጋት ይቀላል፤ ዓምዱም በመጀመሪያ ሊመክር የሚገባው ይህንኑ ነበር።

ዳግም መጫን ጊዜ ከማባከኑ ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ኖድ በይፋዊው መጫኛ፣ በማክ በተለመደው የጥቅል ማስተዳደሪያ በሆምብሩ፣ በሊነክስ ስርጭቱ የጥቅል ማስተዳደሪያ ወይም ኤንቪኤምን በመሰለ የእትም መቀያየሪያ ሊጫን ይችላል፤ እያንዳንዱ መንገድ ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥበት የራሱ ፎልደር አለው። በአንደኛው አልሆነልኝም ብሎ ወደ ሌላው የሚዞር ጀማሪ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን በደንብ ሳያጠፋ ያልፋል፤ በመጨረሻም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ሦስት ኖድ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠራው በፓዝ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የተገኘው እንጂ የቅርቡ እትም አይደለም። «አዲሱን ጭኜ አሮጌው ይታየኛል» የሚለው ዘወትር የሚሰማ አቤቱታ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ባሽ የተባለው ሼል ደግሞ አንድ ጊዜ ያገኘውን ፕሮግራም ቦታ በዚያው መስኮት ውስጥ ስለሚያስታውስ፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ በኋላም ወደ አሮጌው ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ትውስታ «ሃሽ» የተባለው ትእዛዝ ከ«አር» አማራጭ ጋር ያጸዳዋል።

ከማራገፍ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ አጭር ነው። በሊነክስና በማክ «ኤኮ» ብሎ ቀጥሎ የዶላር ምልክትና ፓዝ የሚለውን ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት በመጻፍ ዝርዝሩን ማየት ይቻላል። «ታይፕ» የተባለው ትእዛዝ ከ«ኤ» አማራጭ ጋር በዚያ ስም የሚጠሩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ያሳያል፤ በዊንዶውስ ተመሳሳዩን ሥራ «ዌር» ይሠራል፤ ነገር ግን ፓወርሼል በተባለው የዊንዶውስ ሼል ውስጥ ይህ ስም ለሌላ ተግባር ስለተያዘ «ዌር ዶት ኢኤክስኢ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ከሁሉ የሚያስተማምነው ፈተና ግን ፕሮግራሙን ካለበት ፎልደር ሙሉ አድራሻ ጋር መጥራት ነው። በዚህ መንገድ ተጠርቶ የእትም ቁጥሩን ከተናገረ አጫጫኑ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ፎልደር ብቻ ነው። የዩኒክስ ሼሎች በቁጥርም ፍንጭ ይሰጣሉ፦ ትእዛዝ ሲታጣ የሚመለሰው የመውጫ ቁጥር 127 ሲሆን፣ ፋይሉ ተገኝቶ ለማስኬድ ፈቃድ ሲጎድለው ግን 126 ይሆናል። የኋለኛው የፓዝ ጉዳይ ስላልሆነ መፍትሔውም ሌላ ነው።

በማክ ለሚሠሩ አንባቢዎች ሁለት ለውጦች ተለይተው ቢነገሯቸው ኖሮ ብዙ ድካም በቀረላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካታሊና የተባለው የማክ እትም ለአዲስ ተጠቃሚዎች መነሻ የሚሆነውን ሼል ከባሽ ወደ ዚሼል ቀየረ። ሁለቱ ሼሎች ሲነሱ የሚያነቧቸው ፋይሎች የተለያዩ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ይዞ የፓዝ መስመሩን በባሽ ፋይል ውስጥ የሚጽፍ ሰው፣ የጻፈውን ዚሼል ጨርሶ አያነበውም። በ2020 መጨረሻ ደግሞ አፕል ኤም ዋን የተባለውን የራሱን ቺፕ የያዙ ማኮችን ማውጣት ጀመረ፤ ሆምብሩም በእነዚህ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ለወጠ። በኢንቴል ማኮች የሚቀመጥበት «ዩኤስአር ሎካል» በዝርዝሩ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለ ሲሆን፣ አዲሱ ቦታው «ኦፕት ሆምብሩ» ግን የለም። የሆምብሩ መጫኛ ሥራውን ሲጨርስ በዚሼል ፋይል ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸውን መስመሮች ራሱ ጽፎ ያሳያል፤ ሰው ግን «ተጭኗል» የሚለውን ካየ በኋላ ከሥሩ ያለውን አያነብም። ዓምዳችሁም ይህን ክፍል ዘሎታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በደቢያን ሊነክስ ላይ «ኖድ» የሚለውን የትእዛዝ ስም ለአማተር ሬዲዮ ግንኙነት የሚያገለግል ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞት ስለነበር፣ ኖድ ጄኤስ ለተወሰኑ ዓመታት የሚጠራው «ኖድጄኤስ» ተብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ በትክክል የጫነ ሰው «ኖድ» ብሎ ሲጽፍ «አልተገኘም» ይባል ነበር፤ መቶ ጊዜ ቢያራግፍና ቢጭንም መልሱ አይለወጥም ነበር።

ፓዝን ለማስተካከል የሚነሳ ሰውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አዲሱን ፎልደር ሲጨምር ነባሩን ዝርዝር አብሮ ካልጻፈ የቀድሞው ይጠፋል፤ ወዲያውም ፎልደር ውስጥ ያለውን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ የማይገኝ ይሆናል። ይህ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ትእዛዞቹን በሙሉ አድራሻቸው እየጠሩ የተጻፈውን መስመር ማረም ይቻላል። በባሽና በዚሼል ከእኩል ምልክቱ በፊትና በኋላ ክፍት ቦታ ከተተወ፣ ሼሉ «ፓዝ» የሚለውን ራሱን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ እሱም አልተገኘም ይላል። በዊንዶውስ «ሴትኤክስ» በተባለው ትእዛዝ ረጅም ዝርዝር የሚያስገባ ሰው ከ1,024 ፊደላት በላይ ያለው ተቆርጦ እንደሚጠፋበት ማወቅ ስላለበት፣ በቅንብር መስኮቱ በኩል መጨመር ይሻለዋል። የአማርኛ የፊደል ገበታ ሳይዘጋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በኮለን ቦታ የእኛን ሁለት ነጥብ ሊያስገባ ይችላል፤ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ሼሉ ግን ሁለት ነጥቡን የሚወስደው እንደ ፎልደሩ ስም አካል ነው።

ስለ ኤንፒኤምም ጥቂት ልበል። መሣሪያዎችን ለመላው ኮምፒውተር ለመጫን ፈቃድ ሲከለከል ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው «ሱዶ» እንዲጨመር ጽሑፉ ይመክራል። ይህ ምክር በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ውስጥ ሳይቀር የአስተዳዳሪው ንብረት የሆኑ ፋይሎችን ሊተው ስለሚችል፣ በኋላ ለሚደረግ ጭነት ሌላ የፈቃድ ችግር ይፈጥራል። በብዙ የሊነክስ ስርጭቶች «ሱዶ» የራሱን የተወሰነ የፓዝ ዝርዝር ስለሚጠቀም፣ በኤንቪኤም የተጫነ ኖድ በእሱ በኩል ሲጠራ አይገኝም። ደግሞስ አብዛኛው የድረ ገጽ መሣሪያ ለመላው ኮምፒውተር መጫን ለምን አስፈለገው? በፕሮጀክቱ ውስጥ የተጫነ መሣሪያ «ኖድ ሞጁልስ» በተባለው ፎልደር ሥር ባለ የተደበቀ ንዑስ ፎልደር ይቀመጣል። «ኤንፒኤም ራን» ያንን ፎልደር ለጊዜው በፓዝ ላይ ይጨምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤንፒኤም ጋር መምጣት የጀመረው «ኤንፒኤክስ»ም ከዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ «ቪት» የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ በቀጥታ ጽፎ «አልተገኘም» የተባለ ጀማሪ በ«ኤንፒኤም ራን» ወይም በኤንፒኤክስ በኩል ሊጠራው ይገባል እንጂ የሚጠገን ብልሽት የለበትም።

«አልተገኘም» የሚመስል መልስ ሁሉ ከፓዝ የመጣ አለመሆኑም ቢጠቀስ መልካም ነበር። ፓወርሼል «ስክሪፕት ማስኬድ ታግዷል» ሲል ኤንፒኤምን አግኝቶታል፤ የከለከለው የደኅንነት ደንቡ ነው። ኤንፒኤም «ፓኬጅ ዶት ጄሰን የለም» ካለ ተርሚናሉ የቆመው ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ ነው። በማክ ወይም በዊንዶውስ ሲሠራ ቆይቶ ሊነክስ ሰርቨር ላይ ሲደርስ «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል ኮድ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ በፋይሉ ስምና በኮዱ ውስጥ በተጻፈው አድራሻ መካከል የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት አለበት፤ ሊነክስ ሁለቱን ይለያል፣ ሌሎቹ በተለመደው ቅንብራቸው አይለዩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እርዳታ የሚጠይቁ አንባቢዎችም «እምቢ አለኝ» ብለው ከመጻፍ ይልቅ የመልሱን ሙሉ ቃል፣ የሼላቸውን ዓይነትና የፓዛቸውን ይዘት ቢልኩ፣ መልስ ሰጪው ከግምት በወጣ ነበር።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ የሕትመት ጉዳይን የሚመለከት ነው። በዓምዱ የሚወጡት ትእዛዞች ከፊታቸው የዶላር ምልክት ይዘው ይታተማሉ። ምልክቱ ተርሚናሉ ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን የሚያሳይበት እንጂ በአንባቢው የሚጻፍ ስላልሆነ፣ አብሮ የጻፈው ሰው የዶላር ምልክቱ ራሱ «አልተገኘም» ይባላል። ገጹ ሲቀናበርም ሁለት ተከታታይ ጭረቶች ወደ አንድ ረጅም መስመር፣ ቀጥ ያሉት ትእምርተ ጥቅሶችም ወደ ጎባጣ ይለወጣሉ፤ ሁለቱንም ሼሉ በታሰበው መንገድ አይረዳቸውም። በሚቀጥለው ክፍል የማራገፍ ምክሩ ታርሞ ሲወጣ ትእዛዞቹ ያለ ዶላር ምልክት፣ ጭረቶቹና ጥቅሶቹም እንደተጻፉ ሳይለወጡ፣ በተለየ መስመር እንዲታተሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የድረ ገጽ አበልጻጊ የሆነ አንባቢያችሁ