«ጥሏት ያውቃል?» ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለሚጥል በሽታ ስለወጣው አዲስ መድኃኒት የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። ደስም ብሎኛል። በሽታው የሚነሳባቸው ጊዜ በግማሽ ስለቀነሰላቸው ሰዎች በሰፊው አትታችኋል። ስለ ቀሪው ነገር ግን ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ «የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ቀላል ናቸው።» እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚያች መስመር ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። በሽታው የጀመራት በ11 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት አልያዘላትም። ሁለተኛው፣ ቶፒራሜት የሚባለው፣ ያዘላት። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አልተነሳባትም። እፎይ አልን።

ከዚያ ቃላት ይጠፉባት ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ «እማዬ፣ ያንን... ያንን አቀብይኝ» አለችኝ። እጇን ፀጉሯ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች። ማበጠሪያ ማለቷ ነው። ቃሉ ግን አልመጣላትም። ትንሽ ተያየን። ከዚያ ምንም ሳትል ራሷ ፈልጋ አነሳችው። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣትም ተወች። እኔ የዕድሜ ነገር መስሎኝ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በየቀጠሮው የምንጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ጥሏት ያውቃል?» «የለም።» «በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ይቀጥሉ።» ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ሌላ ሐኪም ገጠሙን። ካርዱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ልጄን ዓይን ዓይኗን እያዩ «ቃል ይጠፋብሻል?» አሏት። ልጄ መልስ አልሰጠችም። አለቀሰች።

ቶፒራሜት ቃል እንደሚያስጠፋና ሐሳብን እንደሚያዘገይ ከታወቀ ቆይቷል። እኛ ነን ያላወቅነው። የሌሎቹም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉዳት እንዲሁ የታወቀ ነው። ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ቁጡና ሆደ ባሻ ያደርገዋል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ያፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ቫልፕሮየት በጣም ጎበዝ መድኃኒት ነው፤ ግን በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከ10ሩ ደግሞ ሦስት ወይም አራቱ የአእምሮ እድገታቸው ላይ ችግር ሊታይባቸው ይችላል። ይህን ለአንዲት ወጣት ሴት ገና ሲታዘዝላት አለመንገር ከባድ ጥፋት ነው።

መድኃኒት ተዉ እያልኩ አይደለም። በፍጹም! በድንገት ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ያልተቆጣጠሩት በሽታም ይገድላል። የእኛም ለውጥ የሆነው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም እጅ ነው። አሁን ላሞትሪጅን ወደሚባል ሌላ መድኃኒት እየተዛወረች ነው። መጠኑ በችኮላ ከጨመረ አደገኛ ሽፍታ ስለሚያመጣ ሳምንታት ይፈጃል።

ስለ ምርምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ 525 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ከመካከላቸው 63 በመቶው ላይ በሽታው መነሳቱን ተወ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ከተማ 1,795 ሰዎችን ያየ ጥናት ወጣ። በመሃል ከአሥር በላይ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተዋል። ውጤቱ? 64 በመቶ ገደማ። አንድ ሦስተኛው ታማሚ ዛሬም መፍትሔ አላገኘም። ለተቀሩት ደግሞ መድኃኒት ከመድኃኒት የሚለየው ከመጣል በማዳኑ ብቻ ሳይሆን ወስደውት እንዴት እንደሚኖሩ ነው። እናንተ በአንድ መስመር ያለፋችሁት እሱን ነው።

የበሽታው ስም ራሱ አሳስቶናል እላለሁ። «የሚጥል» ስንል መውደቁን ብቻ እንጠብቃለን። ሳይወድቁ ለሰከንዶች ፈዝዘው የሚቀሩም አሉ። ቆመው እየሄዱ በመድኃኒቱ የሚደክሙም አሉ።

ሐኪም ጊዜ የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ወረፋውን አይቼዋለሁ። ግን 19 ጥያቄ ብቻ ያለው ቅጽ ከተዘጋጀ ቆይቷል። ድካም አለ? ማዞር? ብስጭት? የመርሳት ችግር? ታማሚው ተራ እየጠበቀ ይሞላዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሐኪሞቹ ይህን ቅጽ እንዲያዩ ሲደረግ መድኃኒቱን ወይም መጠኑን ቶሎ ቶሎ አስተካከሉ፤ የታማሚዎቹም ስቃይ ቀነሰ። አንዲት ወረቀት ናት።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ መድኃኒት ስትጽፉ አጥኚዎቹን ይህን ጠይቁልን። ጀምረው ያቋረጡት ስንት ናቸው? ለምን አቋረጡ? ትምህርታቸው፣ ሥራቸው፣ እንቅልፋቸው እንዴት ሆነ? መልሱንም እንደ መጀመሪያው ቁጥር በትልቁ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ታማሚ እናት