ይድረስ ለእናቴ፣ ድሬዳዋ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን የቀረውን ጽፌልሻለሁ፤ እህቴ ታንብብልሽ።

ዘንድሮም «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አሉሽ። የወባው ምርመራ «የለም» ባለ ቁጥር ይቺ ወረቀት ትመጣለች። ላብራቶሪ የምሠራ ልጅሽ ነኝና ስሚኝ፤ ያ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም፣ ሰውነትሽ የሠራውን መከላከያ እንጂ። ድሮ ታመሽ የዳንሽበት እንኳ ዛሬ «አለብሽ» ሊያስብል ይችላል። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ አተኩሷቸው ሆስፒታል የተኙ 870 ሰዎች በደንብ ተመርምረው ነበር። ከመቶው ስልሳ ያህሉን ሐኪሞቹ ወባ ብለዋቸው ነበር፤ ወባ የተገኘባቸው ግን ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከትኩሳቱ ጀርባ ከተገኙት መካከል በቢንቢ የሚመጣው ቺኩንጉንያና የመዥገር ትኩሳት ነበሩ።

ድሬ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ዴንጊ ገባ፤ በ2011 ማብቂያና በ2012 መግቢያ ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳረሰው። ያኔ ጉልበትሽን ይዞሽ ስንት ወር እንዳነከስሽ አትረሺውም። ሁለቱንም የምታመጣው ቢንቢ በቀን ነው የምትናከሰው፤ ስለዚህ የሌሊቱ አጎበር ብቻውን አያድንሽም (ለወባው ግን አትተይው)። የምትራባው በርሜልሽ ውስጥ ነው። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ ውኃ አታጠራቅሚ አልልሽም፤ ግን ክደኚው፣ ባዶ ሲሆንም ውስጡን በብሩሽ ፈትጊው። እንቁላሏ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ እንኳ ወራት ይቆያል።

የፍየሎቹን መዥገር በባዶ እጅሽ መንቀሉንም ተዪ። የነከሰሽ ቦታ ጥቁር ቅርፊት ካበጀና ትኩሳት ከተከተለ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትውጪ፤ መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ በጊዜ ከተሰጠ ቶሎ ያሽራል። ሳይነገረው የሚያውቅ ሐኪም ግን የለም፣ ስለ ፍየሎቹ አንቺው አንሺ።

አሁን የማስቸግርሽ ስለ መርፌው ነው። ትኩሳት ሲይዝሽ ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ ልውጋሽ ቢሉሽ እምቢ በይ፤ አስፕሪንም አትዋጪ። ዴንጊ ከሆነ ደም ያፈሳል። ፓራሲታሞል ይበቃሻል፣ ፈሳሽም ደጋግመሽ ጠጪ። ድድሽ ወይም አፍንጫሽ ከደማ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ትኩሳቱ በረደ ብለሽ አትዘናጊ፤ ዴንጊ የሚከፋው ያኔ ነውና በባጃጅ ሆስፒታል ሂጂ፣ ለእኔም ደውይልኝ።

ለበርሜሉ ክዳን የሚሆን ገንዘብ በእህቴ ስልክ ልኬያለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታደርጊው።

ልጅሽ፣ ከአዲስ አበባ