ካርዲፍ ላለችው ልጄ፦ ስለ 1958ቱ የማጣሪያ ዕጣ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። የማስተርስ ትምህርቱን ያገኘሽው በተጠባባቂነት ተይዘሽ ሳለ ቀድሞ የተመረጠ ሌላ ሰው በመቅረቱ እንደሆነ ነገርሽኝና «የሰው ወንበር ላይ የተቀመጥሁ ይመስለኛል» አልሽኝ። በዚያው ጨዋታ መሃል ደግሞ የተከራየሽበት ሰፈር ቀድሞ ኒኒያን ፓርክ የሚባል ስታዲየም የነበረበት እንደሆነ፣ ስታዲየሙ ፈርሶ መኖሪያ ቤት እንደ ተሠራበት ጣል አድርገሽ አለፍሽ። እኔ ግን ሁለቱን ወሬዎች ነጣጥዬ ማየት አቃተኝ። አንቺ ዛሬ የምትመላለሺበት መሬት ላይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1958፣ ማለትም በእኛ ጥር 28 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ እኔ በተወለድሁበት ዓመት፣ በተጠባባቂነት የተጠራው የዌልስ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ አልፏል። ታሪኩን በስልክ ልጨርሰው ስለማልችል ጻፍሁልሽ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የ1958ቱን ዓለም ዋንጫ ያዘጋጀችው ስዊድን ነበረች። ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካና ለእስያ በአንድነት የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት አህጉር ለአንድ ወንበር እንዲሻማ ማለት ነው። ኢትዮጵያም ለመመዝገብ ጠይቃ ፊፋ ሳይቀበላት ቀርቷል። በዚያ ምድብ ውስጥ እስራኤል ነበረች፤ በ1956 እስራኤል ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆና ግብፅን የወጋችበት የስዊዝ ቦይ ጦርነት ካበቃ ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነ ከእርሷ ጋር ሜዳ የሚገባ አገር ታጣ። መጀመሪያ ቱርክ ራሷን አገለለች። ቀጥሎ የደረሳት ኢንዶኔዥያ ነበረች፤ ኢንዶኔዥያ ቻይናን ጃካርታ ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ቤጂንግ ላይ 4 ለ 3 ተሸንፋ፣ ራንጉን ላይ በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ያለ ግብ ተለያይታ፣ በግብ ስሌት እንደ ምንም ያለፈች ናት። ከእስራኤል ጋር በገለልተኛ አገር እንድትጫወት ጠየቀች፤ ፊፋ አልፈቀደም፤ እርሷም ወጣች። ግብፅም አልቀጠለችም። የቀረችው ሱዳን ነበረች። ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሱዳን ሶርያን ካርቱም ላይ 1 ለ 0 ረትታ፣ ደማስቆ ላይ 1 ለ 1 ተለያይታ ከመጨረሻው ደጃፍ ደርሳ ነበር፤ እርሷም ከእስራኤል ጋር አልጫወትም አለች። የመንግሥታቱን ጠብ እዚህ ልዳኝ አልፈልግም። ስለ እነዚያ የሱዳን ልጆች ባሰብሁ ቁጥር ግን አንጀቴ ይላወሳል፤ ላባቸውን አፍስሰው ያገኙት ዕድል ያለ አንድ ኳስ አለቀ።

እስራኤልም እንዲሁ ኳስ ሳትነካ ስዊድን ልትገባ ሆነ። ፊፋ በበኩሉ ከአዘጋጇና ከዋንጫው ባለቤት ከምዕራብ ጀርመን በቀር ማንም ሳይጫወት እንዳያልፍ ወሰነ። ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የማምነውም በእኛው በራሳችን ላይ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1957፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ ለኢትዮጵያ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ቀላቅዬ አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች፤ መወገዷም ተገቢ ነበር። በዚህ ምክንያት ቡድናችን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያደርግ ለዋንጫ ቀረበ። ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ የመጣችው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግቦች ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። (ይኸው ሰው ዳኛ ሆኖ የ1968ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እዚሁ አዲስ አበባ አጫውቷል።) ሳይጫወቱ የደረሱበት ቦታ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ካርቱም ላይ አይተነዋል።

ስለዚህ ፊፋ ከሌሎቹ ምድቦች ሁለተኛ የወጡትን አገሮች በዕጣ ለይቶ አንዱ ከእስራኤል ጋር ደርሶ መልስ እንዲጫወት አደረገ። መጀመሪያ የወጣው የቤልጂየም ስም ነበር፤ ቤልጂየም አልፈልግም አለች። ቀጥሎ የዌልስ ስም ወጣ። ዌልስም እሺ አለች።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልመጣ ነው። ስንት ዓመት የዕቁብ ዳኛ ሆኜ እንደ ኖርሁ ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለሽ ዕጣውን የምታወጪው አንቺ ነበርሽ፤ ስማቸው ተጽፎ እንደ ሽምብራ ፍሬ የተጠቀለሉትን ወረቀቶች በጣሳ አድርጌ አናውጬ ስሰጥሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ እጅሽን ትሰጂ ነበር። አንድ ጊዜ ዕጣው ለቅመም ነጋዴዋ ወጥቶ፣ እርሷ ለአሁኑ አልቸገረኝም ብላ እንደገና ይውጣ ማለቷን፣ አንቺም ሁለተኛ አውጥተሽ ልጁን ሊድር ለተጨነቀው አናጢ መድረሱን ታስታውሺ ይሆናል። ያን ቀን አናጢው የሴትየዋን ገንዘብ ወሰደ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ስሙ ከጣሳው ውስጥ የገባው በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ስለ ጣለ ነውና።

ዌልስም ጥላለች። በምድቧ ቼኮዝሎቫኪያንና ምሥራቅ ጀርመንን ገጥማ አራት ጨዋታ አድርጋለች። ቼኮዝሎቫኪያን ካርዲፍ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ላይፕዚግ ላይ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ስታዲየም በምሥራቅ ጀርመን 2 ለ 1 ተረታች፤ ፕራግ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ተስፋው ከተመነመነ በኋላ እንኳ ምሥራቅ ጀርመንን ካርዲፍ ላይ 4 ለ 1 አሸንፋ ሁለተኛ ወጣች። ያ የመጨረሻው ጨዋታ ነው እኔን የሚገርመኝ። ለማለፍ የማይጠቅም የመሰለውን ጨዋታ አጥብቀው ባይጫወቱ ኖሮ ሁለተኛ መውጣታቸውም፣ ስማቸው ከዕጣው ውስጥ መግባቱም ባጠራጠረ ነበር። አንቺም ከተጠባባቂዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ የገባሽው ማንም አዝኖልሽ አይደለም፤ እነዚያን ሌሊቶች መብራት ሲጠፋ በሻማ ስታነቢ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጃንዋሪ 15 ቀን 1958 እስራኤል ውስጥ ራማት ጋን ላይ ተደርጎ ዌልስ በአይቨር ኦልቸርችና በአምበሉ በዴቭ ቦወን ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈች። መልሱ የአንቺው ሰፈር ላይ ነበር። የእስራኤሉ ግብ ጠባቂ ያዕቆብ ሆዶሮቭ በዚያ ቀን ያሳየው ተጋድሎ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ግዙፉ አጥቂ ጆን ቻርልስ፣ ያን ጊዜ ለጣሊያኑ ጁቬንቱስ የሚጫወተው፣ ተጋጭቶት ክፉኛ ተጎድቶ ሳለ እንኳ ሆዶሮቭ ሜዳውን አልለቅም አለ። ዌልስ በብልጫ እየተጫወተች ከአንድ ሰዓት በላይ መረቡን ማግኘት አልቻለችም፤ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀር ኦልቸርች አንድ አገባ፤ ክሊፍ ጆንስ ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 0። ዌልስ አለፈች። ስታዲየሙን የሚያስታውስ ሽማግሌ በሰፈርሽ ካገኘሽ ስለ ሆዶሮቭ ጠይቂልኝ፤ ባላጋራን ማድነቅ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ብዙ ይነግርሻል።

የዌልስ አሠልጣኝ ጂሚ መርፊ ነበር፤ ዋናው ሥራው ግን የማንቸስተር ዩናይትድ ምክትል አሠልጣኝነት ነው። ዩናይትድ በዚያው ዕለት ቤልግሬድ ላይ ከሬድ ስታር ጋር ይጫወት ስለ ነበር መርፊ ከክለቡ ተነጥሎ ካርዲፍ ቀረ። በማግስቱ ፌብሩዋሪ 6 ቡድኑን ይዞ የሚመለሰው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከሰከሰ፤ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። መርፊ በጉዞ ከዋናው አሠልጣኝ ከማት በዝቢ አጠገብ መቀመጥ ልማዱ ነበር ይባላል። ለዓለም ዋንጫ ባለፈ ማግስት የልጆቹን መርዶ ሰማ፤ በዝቢ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም የተረፈውን ቡድን ይዞ ያቆመው እርሱ ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ለደቂቃ ያህል መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ።

ስዊድን ላይም ዌልስ አላፈረችም። ከሃንጋሪ፣ ከሜክሲኮና ከስዊድን ጋር እኩል ወጥታ፣ በተጨማሪው ጨዋታ ሃንጋሪን 2 ለ 1 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ጁን 19 ቀን ጎተንበርግ ላይ በብራዚል 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ያችም ግብ የ17 ዓመቱ ፔሌ በዓለም ዋንጫ ያገባት የመጀመሪያ ግቡ ናት። ከዚያ በኋላ ዌልስ ዓለም ዋንጫን ዳግመኛ ያየችው በ2022 ነው። በ64 ዓመት ውስጥ «ያኔ በዕጣ ነው የገባችሁት» ብሎ ያን ቡድን ከታሪክ የፋቀ የለም።

የእኛም ተራ ደርሶ ነበር። በማርች 1961 ኢትዮጵያ ለቺሊው ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከእስራኤል ጋር ሁለቱንም ጨዋታ እስራኤል ውስጥ አድርጋ 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈች። ተሸንፈን ወጣን እንጂ ሳንጫወት አልወጣንም። ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1962፣ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነትና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ መንግሥቱ ወርቁ በተሰለፈበት ቡድን፣ ካርቱም ላይ አራት ያገባችብንን ግብፅን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ብቀር ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። ለ1966ቱ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፣ አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውመው ተነሡ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ያ አለመጫወት ሌላ ነው። የወጡት ወንበሩ እስኪሠራ ድረስ ነበርና በ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። ሱዳኖቹም በራሳቸው ዘንድ እንዲህ ያለ ክብር ያለው ነገር ያደረጉ መስሏቸው ይሆናል፤ ስለዚህ ነው ቀደም ብዬ ልዳኛቸው ያልፈለግሁት።

ይህን ደብዳቤ እናትሽ ካዘጋጀችው በርበሬና ሽሮ ጋር ለመንገደኛው ሰጥቼዋለሁ፤ በርበሬው አዲስ ስለሆነ ጥቂት አየር ይምታው ብላለች። ፌብሩዋሪ 5 ሲደርስ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በዚያ ሰፈር መሃል ቁሚና ደውዪልኝ። ሆዶሮቭ የቆመበት ግብ በየትኛው በኩል እንደ ነበር፣ ዛሬ የማን ቤት እንደ ተሠራበት ጠይቀሽ ንገሪኝ።

የሚወድሽ አባትሽ