በአሮጌ ቶዮታ ተበላ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ታናሽ ወንድሜ ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ላይ የመኪና ፓክ (ለብቻው በገንዘብ የሚሸጥ ተጨማሪ መኪና) አስገዛኝና ያኑ ማታ ኦንላይን ገብቶ በአሮጌ ቶዮታ ተበላ፣ ፊቱን ብታዩት! ነገሩ ወዲህ ነው፣ እያንዳንዱ መኪና አቅሙን የሚያሳይ ፒአይ የሚባል ቁጥር አለው፣ ከ701 እስከ 800 ኤ ክላስ፣ ከ801 እስከ 900 ኤስ1 እያለ 999 ድረስ ይሄዳል፣ ደካማውንም ጎማና ሞተር ቀያይረህ 800 ካደረስከው ከውዱ ጋር እኩል ይሰለፋል። እኩል 800 ማለት ግን አንድ አይነት መኪና ማለት አይደለም፣ አንዱ ቁጥሩን በጉልበት ነው የሞላው፣ ቀጥታው ላይ ይበራል ኩርባ ላይ ግድግዳ ይስማል፣ ሌላው ደሞ መንገዱን ቆንጥጦ ይይዛል። የወንድሜ የመጀመሪያው አይነት ነበር፣ እሱ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይዞት ወጣ።

በነገራችን ላይ ያገለገለ የጌም ዲስክ የምትገዙ፣ ፓኩ የሚታሰረው ከገዛው ሰው አካውንት ጋር ነው፣ ከዲስኩ ጋር አይመጣም። ከዚህ በፊት የነበረው ሆራይዘን 4 ጭራሽ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 ከኦንላይን መሸጫው ወርዷል፣ የገዛ አሁንም አውርዶ ይጫወታል፣ ያልገዛ ግን ከዚያ ሊገዛው አይችልም።

ያንን ቶዮታ እኔም ሰራሁት፣ ወንድሜ እስካሁን አላሸነፈኝም።

አንባቢያችሁ ነኝ