የአይጥ ማባበያ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ

ለክቡር አዘጋጅ፣

ቤት ሲፈርስ አይጡ አብሮ አይፈርስም፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ አሮጌ ቤት ስለ ፈረሰ፣ በቀሩት ግቢዎች ስለ ወጥመድ የማይመካከር የለም። ከሰው ወደ ሰው ከሚዞሩት ምክሮች አንዱ «የለውዝ ቅቤ ከሰርዲን ጋር ለውሰህ በሃይላንድ አስቀምጥ፣ ሲያስፈልግህ እየቀነስክ አጥምድ» የሚል ነው። የምክሩ መጀመሪያ ለዚያው ቀን ብቻ ከተሠራ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለ መጨረሻው፣ ስለ ዕቃው ነው።

ወጥመዱ ጥሩ፣ ማባበያውም ጥሩ ሆኖ ምንም የማይያዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ሲያይ ይጠራጠራል፤ አዲስ ወጥመድ ሳይወጠር ምግብ ብቻ ተደርጎበት ለጥቂት ቀናት የሚቀመጠውም እንዲላመደው ነው። በዚያ ላይ ማባበያው በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም የሻገተ ዘይት ከሸተተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ሽታ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀመጠበት ዕቃ ነው።

የሃይላንድ ጠርሙስ አፉ ጠባብ በመሆኑ ማንኪያ አይገባውም። ሰው ጨምቆ ሲያወጣው ቅባቱ በክዳኑ ጥርስ ላይ ይደርቃል፣ ክዳኑ መግጠም ያቆማል፣ ጉንዳን ይሰለፍበታል። በፈላ ውኃ እንጠበው ቢባል ይኮማተራል። አይጥ ራሷ ካገኘችው በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ጠንካራ ቢመስልም የቅባት ሽታ ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ምንም ቢታጠብ አይለቅም። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ጀሪካን ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ምን እንደተቀመጠበት የሚነግር የለም፤ ዘይትም፣ አሲድም፣ የተባይ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ለማባበያ አይሆንም፤ ለምግብማ ጭራሽ። ሸክላና ቅልም እንዲሁ ናቸው፤ ቀዳዳቸው ረቂቅ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሽታ እስከ መጨረሻው ይዘው ይኖራሉ።

የሚሻለው የመስታወት ብልቃጥ ነው። ማር፣ ማርማላታ ወይም ማዮኔዝ የነበረበት፣ አፉ ሰፊ፣ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። መስታወት ሽታ አይመጥጥም፣ አያሳልፍም፣ አይጥም አትቦረቡረውም። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ ይሰበራል፣ ብርሃንም ያስገባል። ብርሃን ደግሞ ቅባትን ቶሎ ያበላሻል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መፍትሔ አላቸው፤ ብልቃጡን ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ማስገባትና ዙሪያውን በጋዜጣ መጠቅጠቅ ነው። (ጋዜጣችሁ ከተነበበ በኋላ ለዚህም ይሆናል፤ እንደማትቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን።)

አስተጣጠቡ ላይ ሰው ይቸኩላል። ብልቃጡ በሙቅ ውኃና በጥቂት ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ። ከዚያም በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዳቦ ሶዳ ተበጥብጦ ይሞላና ያድር። እናቶቻችን የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በግራዋ ፈትገው በወይራ እንደሚያጥኑት እዚህም ላጥን የሚል ይኖራል፤ አይጠን። የወይራው ጢስ ሽታ ከማባበያው ሽታ በልጦ ይቀራል። ቀጥሎ መቀቀል ነው። ድስቱ ሥር ጨርቅ አንጥፎ፣ ብልቃጡን በቀዝቃዛ ውኃ አስገብቶ አብሮ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,350 ሜትር ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፈላ ብሎ ወዲያው ማውጣት አይበቃም፤ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ተገልብጦ በደንብ ይድረቅ። አንዲት ጠብታ ውኃ በለውዝ ቅቤ ላይ ሻጋታ ለማብቀል ትበቃለች። መጨረሻ ላይ ባዶውን ከድኖ አንድ ቀን ማቆየትና ከፍቶ ማሽተት ነው። የሚሸት ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክዳኑ ነው።

ክዳን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የብረት ክዳን በውስጥ በኩል የተቀባው ቀለም ከተጫረ፣ ጨውና ኮምጣጤ ያለበት ማባበያ በቶሎ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ተቀርፎ ይወድቅበታል። በአፉና በክዳኑ መካከል ወፍራም ንጹሕ ፕላስቲክ ቆርጦ ማድረግ ይረዳል። ዙሪያውን የሚያትመው ላስቲክ ሽታ ስለሚይዝ፣ የዓሣ ማባበያ የነበረበትን ክዳን ለእህል ማባበያ ማዞር አይገባም። አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ክዳን፣ አንድ ዓይነት ማባበያ፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

መጠኑን በተመለከተ ሰው ሁልጊዜ ያበዛል። ለአንድ ወጥመድ የአተር ፍሬ የሚያህል በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛ አይጧ ከዳር ከዳር ልሳ ትሄዳለች፣ ወጥመዱ አይነቃም። ለአንድ ግቢ የሚከተለው ይበቃል፦ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨውና ስኳር የሌለበት የለውዝ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዓሣ ዱቄት። ሙቀጫው ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን። ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ የአየር ኪስ እንዳይፈጠር በማንኪያ ጀርባ መጫንና ላዩን ማስተካከል ነው። ማውጫው ሁልጊዜ የደረቀ እንጨት ወይም ማንኪያ ይሁን። ወጥመዱ ላይ በእጅ ሳይነኩ ለመቀባት፣ መርፌ የሌለው አዲስ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከጫፉ በምላጭ ተቆርጦ ይመቻል። ተሞልቶ ግን አይቀመጥ፤ ልጅ መድኃኒት ይመስለዋል።

እርጥብ ዓሣ ወይም ሥጋ በዘይት ሸፍኖ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ መደርደሪያ ላይ ለሳምንታት ማቆየት የሚወዱ አሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። አየር በሌለበትና አሲድ በሌለው እርጥብ ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ያድጋል። ዘሩ በፈላ ውኃ አይሞትም፤ በ92 ዲግሪማ ምኑ ይነካዋል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ሽታው ላይመጣም ይችላል፤ ጣቱን የላሰ ልጅ ግን ሊሞት ይችላል። ዓሣ ከተፈለገ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ። እርጥቡ ለዚያው ቀን ብቻ ተሠርቶ የቀረው ይጣል።

የዝንብ ማጥመጃ ፈሳሽ ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 100 ግራም ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ተበጥብጦ ሲቦካ ጋዝ ያወጣል፤ ያ ስኳር ሙሉ በሙሉ ከቦካ የሚወጣው ጋዝ በእኛ ከፍታ ከ30 ሊትር በላይ ነው። ይህን በመስታወት አጥብቆ መክደን ፈንጂ ማስቀመጥ ማለት ነው። ለዚህ ብቻ ሃይላንድም ይሆናል፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሳይሞላ፣ ክዳኑ ተነሥቶ አፉ በነጠላ ጨርቅ ታስሮ ይቀመጥ። ጨርቁ ከሌለ ዝንቧ ገብታ እንቁላሏን ትጥልና ማጥመጃው መራቢያ ይሆናል። ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ዝቅ ባለው አዋሽ ላይ ተከድኖ የመጣ ብልቃጥ እዚህ ሲከፈት በውስጡ የታፈነው አየር ይገፋል፣ ፈሳሹም ሊረጭ ይችላል። ከፊት አርቆ መክፈት ነው።

መርዝን ከዚህ ሁሉ ለይተን እናየዋለን። በየመንገዱ ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ዱቄት ከማባበያ ጋር በቤት መለወስ አይገባም፤ በማንኛውም ዕቃ። ከአይጥ መርዞች አንዱ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ እርጥበትና አሲድ ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በኮምጣጤ በታሸ ማባበያ ውስጥ ገብቶ በብልቃጥ ከተከደነ፣ ክዳኑን የከፈተው ሰው ነው ቀድሞ የሚተነፍሰው።

በከተማው መሐል ባሉ የቀበሌ ቤቶች ማድቤቱ የጋራ ነው። የአንዱ ቤተሰብ የማር ብልቃጥ ከሌላው የማባበያ ብልቃጥ ጋር መልኩ አንድ ነው፤ በውስጡ ያለውም ቡናማና ወፍራም ነው። ስለዚህ የድሮው ወረቀት ተልጦ ይነሣ፤ በምትኩ ሰፊ ፕላስተር በብልቃጡ ገላ ላይ ተለጥፎ «የአይጥ ማባበያ፣ አይበላም» ተብሎ ከተሠራበት ቀን ጋር ይጻፍ። ክዳን ላይ ብቻ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ክዳን ይቀያየራል። ማንበብ ለማይችል ልጅ ቀይ ፕላስተር ይጨመርበት። የሚቀመጠውም ከማድቤቱ ውጭ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። በቤተሰብ ፍሪጅ አይግባ።

የሚረሳው የዕቃው መጨረሻ ነው። በዚህ ከተማ ጠርሙስ አይጣልም፤ ቆራሌው ይወስደዋል፣ ልዋጭ ይለውጠዋል፣ መርካቶ ደርሶ ይታጠባል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ዘይት ወይም ማር ሊሞላበት ይገዛዋል። ማባበያ የነበረበት ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ በቢላ ተበስቶ፣ ብልቃጥ ከሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰብሮ፣ ክዳኑም ታጥፎ ከቆሻሻ ጋር ይውጣ። የወተት ዱቄት ጣሳውም ሥሩ በሚስማር ይበሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
በተባይ መከላከል ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ