ክፍሉ የትኛው ሕንፃ ላይ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሆቴል ስለሆኑ ታሪካዊ ሕንፃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶዎቹማ ያስጎመጃሉ። እኔን ያንገበገበኝ ነገር ግን አልተነሳም።

በቅርቡ ለሥራ ሄጄ እንዲህ ያለ ሆቴል አልጋ ያዝኩ። ድረ ገጹ ላይ የማረኩኝ የድንጋይ ቅስቱ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡት መስኮቶችና የእንጨት ደረጃው ነበሩ። ስደርስ ሎቢው ልክ እንደ ፎቶው ነው። የደረጃው እርከን መሃል መሃሉ በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል። መደገፊያውን በእጄ ዳበስኩት፤ ልስልስ ብሏል። ደስ አለኝ። ሻንጣዬን የያዘው ልጅ ግን ደረጃውን አልፎ ሄደ። በጓሮ በር አስወጣኝና በመስታወት ኮሪደር አሻግሮ ሊፍት ውስጥ ከተተኝ። ክፍሌ ለካ ከኋላ አዲስ የተሠራው ሕንፃ ላይ ነው። ግድግዳውን አንኳኳሁት፤ ጂፕሰም። ከአልጋው ራስጌ የነባሩ ሕንፃ ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል!

ወርጄ ሪሴፕሽን ጠየቅኩ። «ጌታዬ፣ ሆቴሉ እኮ አንድ ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ በፈገግታ።

አዲስ ሕንፃ መጨመሩን አልቃወምም። ድሮ የተሠራ ቤት የዛሬ እንግዳ የሚፈልገውን ሁሉ አይችልም። የለንደኑ የሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ሆቴል በ1873 ሲከፈት የዘመኑ ጉድ ነበር። ለየክፍሉ መታጠቢያ ስላልነበረው ግን ዘመን ጥሎት ሄደ፤ በ1935 ተዘጋ። በ2011 እንደገና ሲከፈት አዲስ ክንፍ ተጨምሮለት ነው። በኒውዮርክ ኬኔዲ ኤርፖርት ያለው ቲደብሊውኤ ሆቴልም እንደዚሁ ነው። ኤሮ ሳሪነን የነደፈው የ1962 ተርሚናል ሎቢ ሆነ፤ 512ቱ ክፍሎች ግን በሙሉ ያሉት ግራና ቀኝ በተሠሩ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የቦስተኑ ሊበርቲ ሆቴል በ1851 የተሠራ እስር ቤት ነበር። እዚያም አብዛኛው እንግዳ የሚያድረው አጠገቡ በቆመው አዲስ ፎቅ ላይ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስር ቤት አላሳደራችሁኝም ብሎ የሚቆጣ ሰው ያለበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ነባሩ ክፍል ምቹ ነው እያልኩ አይደለም። ወለሉ ሲረግጡት ይንቋቋል፤ የላይኛው ጎረቤት ሌሊት ሲነሳ አብረው ይነሳሉ። ወፍራሙ ግንብ ዋይፋዩን ያፍነዋል። መስኮቱን መቀየር የቅርስ ሕግ ስለሚከለክል የመንገዱ ጫጫታ ሰተት ብሎ የሚገባበትም አለ። ይሁን። ገንዘቤን የከፈልኩት ይህንኑ ብዬ ነው።

የምጠይቀው አንዲት መስመር ነው። ክፍል ሲያስይዙ «ነጠላ ወይስ ድርብ አልጋ» ከሚለው ሥር «ነባሩ ወይስ አዲሱ ሕንፃ» የሚል ይጨመር። እናንተም ስለ እነዚህ ሆቴሎች ስትጽፉ፣ ሎቢውን ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ፤ ምን ያህሉ ክፍል ነባሩ ሕንፃ ውስጥ እንዳለ ጠይቁልን። እስከዚያ እኔ ቀድሜ እየደወልኩ ነው የማጣራው። ባለፈው አንዱ ስልኩን ያነሳ ልጅ ጥያቄዬን ሰምቶ ትንሽ ዝም አለና «ቆይ፣ ሥራ አስኪያጁን ልጠይቅ» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ