ልጅቱ አልተመሰጠችም፤ የመሣሪያው እግር አጥሮባት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ተማሪዎቹ ኮንሰርት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ከዘገባው ጎን አንዲት ወጣት ባስ ክላርኔት ስትጫወት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩም «በዜማው ተመስጣ አንገቷን ደፍታ» የሚል ተጽፏል። ፎቶግራፉን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ልጅቱ አልተመሰጠችም። መሣሪያው መሬት ላይ የሚቆምበት የብረት እግር አጥሮባት ነው። ጀርባዋ ጎብጧል፤ አገጯ ደረቷን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የቀኝ እጇ አንጓም ክፉኛ ታጥፏል። ሕመሙን ስለማውቀው ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወታደር ባንድ ክላርኔት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተራው ክላርኔት አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በቀኝ አውራ ጣት ደግፈውት ሰልፍ ይወጡበታል። አሜሪካ ገብቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ቀን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራሁ ማታ ከሰፈሩ ሰዎች ባንድ ጋር መጫወት ጀመርኩ። ክላርኔት ተጫዋች ሞልቶ ስለነበር ማንም ያልፈለገው ባስ ክላርኔት ደረሰኝ። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ የሚያልፍ፣ ድምፁ ከተራው ክላርኔት አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) የሚወርድ ጎምላላ መሣሪያ ነው። አዶልፍ ሳክስን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በሳክስፎን ነው፤ ቤልጂየማዊው ሰውዬ ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1838 እ.ኤ.አ. ባስ ክላርኔትን አሻሽሎ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። እግዜር ይስጠው፣ ድምፁን አሳመረው፤ ሸክሙን ግን ለእኛ ተወልን።

እኔም እንደለመድኩት በአውራ ጣቴ ተሸከምኩት። በሦስተኛው ወር ጣቴ ይደነዝዝ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት የደንበኞችን መኪና ለማስነሳት ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። እርጅና መስሎኝ ነበር።

ያወጣኝ የአባቴ ትዝታ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ መቋሚያ እንዲሰጡኝ ብለምናቸው «መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ቁም» አሉኝና ከመሬት እስከ ብብቴ በእንጨቱ ለኩኝ። ያጠረ መቋሚያ ማኅሌቱ ሳይጋመስ ጀርባ ያጎብጣል፤ የረዘመው ደግሞ ትከሻ ይሰቅላል። የባስ ክላርኔት የብረት እግርም ከመቋሚያ በምን ይለያል? ብሎኑን አላልተው የሚያስረዝሙትና የሚያሳጥሩት እኮ ለዚህ ነው። እኔ ግን ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በተወው ልክ ሦስት ወር ሙሉ ስጎብጥ ከረምኩ።

ስለዚህ ልጅቱ መሣሪያውን ከማንሳቷ በፊት ምሳ እንደምትበላ ሰው ቀና ብላ ትቀመጥ፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ይርገጡ። ከዚያ ጓደኛዋ መሣሪያውን ወደ አፏ ያምጣላት። የሚነፋበት ጫፍ አገጯ ጋ ከደረሰ እግሩ ይርዘም፣ አፍንጫዋ ጋ ከደረሰ ይጠር። እሷ አንድ ጣት ታህል እንኳ እንዳትጎነበስለት! ቁመቱ ከተስተካከለ በኋላ የብረቱን ጫፍ ወደ ወንበሩ እያቀረበች፣ እያራቀች ትሞክረው፤ በእያንዳንዷ ስንዝር ወደ አፍ የሚገባበት ማዕዘን ይለወጣል። ከተራው ክላርኔት የመጣን ሰዎች ከታች ወደ ላይ ልናስገባው እንታገላለን፤ ይህኛው ግን እንደ ሳክስፎን ጋደም ብሎ መግባት ይወዳል። ቀሚስ ለብሳ በጉልበቶቿ መካከል መያዙ ካልተመቻት ወደ ቀኝ ጎኗ ብታደርገው ነውር የለበትም።

እግሩ ብቻውን ግን አይበቃም። መሣሪያው ወደ ፊት መውደቅ፣ ወደ ጎንም መዞር ይፈልጋል፤ ያንን የሚገታው ከጀርባው ካለው ቀለበት ጋር የሚያያዘው ማንገቻ ነው። እኔ ማንገቻውን የምንቀው ሰው ነበርኩ፣ ቆመው ለሚጫወቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እግሩ ክብደቱን ይሸከማል፣ ማንገቻው ሚዛኑን ይጠብቃል፣ አውራ ጣቴ መሪ ብቻ ሆኗል። በትክክል መቀመጡን የማረጋግጠው፣ አንድ ሰው አጠገቤ አቁሜ ሁለቱንም እጆቼን ለቅጽበት ለቀቅ በማድረግ ነው። መሣሪያው ከቦታው ካልተነቃነቀ ጣቶቼ ነጻ ናቸው ማለት ነው።

አንገት ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ማንገቻ ማጅራት ያሳምማል። አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ መርካቶ አንድ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ገብቼ በሁለቱም ትከሻ የሚታዘል አሠራሁ። ሰውየው የምፈልገው አልገባው ብሎ ብዙ ከተከራከርን በኋላ «አንቀልባ በለኛ!» አለኝ። ልክ ነበር። እናት ልጇን በአንገቷ አታንጠለጥልም።

ወለሉንም አደራ። አንድ ምሽት በሰም በተወለወለ አዳራሽ ውስጥ፣ ስልሳ የሙዚቃ ቤት (ባር) ሳልነፋ ዝም ብዬ ቆጥሬ ተራዬ ሲደርስ፣ የብረቱ ጫፍ ተንሸራቶ መሣሪያው ከፊቴ ያለችውን የፍሉት ተጫዋች ወንበር በኃይል መታው። ታዳሚው ከበሮ መስሎት አጨበጨበ። በማግስቱ ከፋርማሲ የሽማግሌ ከዘራ ጫፍ ላይ የሚገባውን ጎማ ገዝቼ አጠለቅኩበት፤ ከዚያ ወዲህ አልተንሸራተተም። ጎማ ቢጠፋ ትንሽ የምንጣፍ ቁራጭም ይሠራል።

ወንድሜ ለጥምቀት አዲስ አበባ ይመጣል። ትርፍ ማንገቻና ሁለት የከዘራ ጎማ በፖስታ አድርጌ እልክበታለሁ፤ ቢሯችሁ ሲያደርስላችሁ እባካችሁ ለልጅቱ ስጡልኝ። ማንገቻው ለእኔ ቁመት የተሰፋ ስለሆነ ሁለት ቀዳዳ ያህል ታሳጥረው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ክላርኔት ተጫዋች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ